ከብቱ አይታመምም፦ ለአዲሲቱ የእንስሳት ሐኪም የተጻፈ ምክር

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ምደባሽ ቆላ ላይ መሆኑን አባትሽ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ርቀት የሚነግሩሽ ብዙ ናቸው። እኔ ዕድሜዬን ከከብት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ አንድ በሽታ ልጽፍልሽ ተነሥቻለሁ፤ ክሪሚያን-ኮንጎ ሄሞራጂክ ትኩሳት ይባላል። በመዥገር የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። ሰው ላይ ሲጠና ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከአንጀት ደም ያስፈስሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወረርሽኝ ሲነሣ ከታመሙት 100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል። ትምህርት ቤት ሳለሽ አንድ ገጽ አንብበሽው አልፈሽ ይሆናል። አሁን ግን ከሐኪሙም ከነርሷም በፊት እጅሽን ደም ውስጥ የምታስገቢው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ አይበቃሽም። የምጠቅሳቸው ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ፤ ከብቱ አይታመምም። እስከ ዛሬ የተማርሽው ምልክት አይቶ በሽታ ማወቅን ነው። አፉ ቆስሎ ካነከሰ ይህ ነው፣ ካሳለና ካቃሰተ ያ ነው ትያለሽ። ይህኛው ግን በላም፣ በበግ፣ በፍየል፣ በግመል ደም ውስጥ ገብቶ አንድ ሳምንት ያህል ሲዞር ላሚቱ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትታለባለች። ሳምንቱ ሲያልፍ ቫይረሱ ከደሟ ይጠፋና ፀረ-አካሉ ብቻ ይቀራል። ገበያ ላይ ወይም በለይቶ ማቆያ በር ላይ «ጤነኛ ነው» ብለሽ የምትፈርሚው ወረቀት ስለዚህ በሽታ የሚመሰክረው ነገር የለም።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚሉሽ አይጠፉም። በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች በከብቶች ደም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ፀረ-አካሉ ተገኝቷል፤ ይህ ማለት ቫይረሱ በዚያ አልፏል ማለት ነው። መዥገሩም አለ። የጠፋው ምርመራው ነው። ትኩሳት ይዞት የሞተ አርብቶ አደር ሁሉ «በወባ ሞተ» ተብሎ ከተቀበረ በምን እናውቃለን? መርምሮ ያላገኘና ጨርሶ ያልመረመረ ሰው እኩል ሊናገሩ አይገባም።

2. መዥገሩን በዓይንሽ ለይተሽ እወቂው። ቫይረሱን በዋናነት የሚሸከመው ሃያሎማ የሚባለው ወገን ነው። ደጋ ላይ የለመድሽው ቡፊለስ ትንሽ ነው፤ እግሩም አጭር ነው፤ ሴቲቱ ደም ስትጠግብ ሰማያዊ ግራጫ ትመስላለች። አምብሊዮማ ደግሞ ጀርባው በቀለም ያጌጠ ነው። ሃያሎማ ጌጥ የለውም፤ ጀርባው ጥቁር ቡናማ ሆኖ አፉ ረጅም ነው፤ እግሮቹም ረዣዥም ናቸው፤ በየመገጣጠሚያቸው ነጣ ያለ ቀለበት አላቸው። አምብሊዮማም እግሩ ላይ ቀለበት ስላለው በእግር ብቻ አትፍረጂ። ጀርባውን እዪ። ከብቱ ላይ ስትፈልጊው ከጅራቱ ሥር፣ ከጡቱ አካባቢ፣ ከብልቱ ዙሪያና ከሰኮናው መካከል ፈልጊ።

ጠባዩም ይለያል። ብዙው መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚያልፍ እንስሳ እስኪነካው ይጠብቃል። ሃያሎማ ግን ያድናል። የእግር ኮቴና ትንፋሽ ሲሰማው ከተደበቀበት ወጥቶ ይሮጣል። በረት አጠገብ ጥላ ይዘሽ ቅጽ ስትሞዪ ከአፈሩ ውስጥ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጫማሽ ሲገሰግስ ታይዋለሽ። ያን ጊዜ መነሣት እንጂ መደንገጥ አያስፈልግም።

የሕይወት ዑደቱንም ልብ በዪ፤ የመከላከሉ ሥራ የሚከብደው በእሱ ምክንያት ነው። ልጅ ሳለ የሚመገበው ከጥንቸልና መሬት ላይ ከሚለቅሙ ወፎች ነው። ወደ ከብትና ወደ ግመል የሚወጣው ካደገ በኋላ ነው። ቫይረሱን አንዴ ከያዘ ቆዳውን እየቀየረ ሲያድግም አብሮት ይኖራል፤ እናቲቱም በእንቁላሏ ለልጆቿ ልታወርስ ትችላለች። የበሽታው እውነተኛ ቤት መዥገሩ ነው። አንቺ የምትደርሺው ከብቱ ላይ ካለው ጋር ብቻ ነው፤ ጥንቸሉ ላይ ያለውን አትነኪውም። «መዥገርን ከወረዳችን እናጠፋለን» የሚል ዕቅድ ሲቀርብ ዝም ብለሽ አትፈርሚ። የሚቻለው ማሳነስ ነው፤ ማሳነስም ሰው ያድናል።

3. የመጣበትን ታሪክ እወቂ፤ ባጭሩ ልንገርሽ። በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የሶቪየት ወታደሮች ክሪሚያ ላይ ለገበሬው እህል ሊያጭዱለት ሜዳ ገቡ። ያ ምድር በጀርመን ወረራ ዘመን ሳይታረስ ከርሟል፤ አዳኝ ስለጠፋም ጥንቸሉ በዝቷል፤ ከጥንቸሉ ጋር መዥገሩ በዝቷል። ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ። ቹማኮቭ የሚባለው የሶቪየት ሳይንቲስት ነገሩን መርምሮ በመዥገር የሚመጣ ቫይረስ መሆኑን አሳየ። በ1956 ደግሞ በያኔው የቤልጂክ ኮንጎ ከአንድ የታመመ ልጅ ደም ቫይረስ ተለየ። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነው፤ ያሳየውም ጆርዲ ካሳልስ ነው። ስሙ ሁለት አገር ያነገተው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከአፍሪካ እስከ ባልካን፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ መካከለኛው እስያ ይገኛል። ቱርክ በ2002 ቶካት አካባቢ ካየችው ወዲህ ከ10 ሺህ በላይ ታማሚ መዝግባለች።

ከዚህ ታሪክ ለሥራሽ የሚጠቅምሽ አንድ ነገር አለ። ሰው ለቆት የቆየ የግጦሽ መሬት ሰዉና ከብቱ ሲመለሱበት በሥጋት ተመልከቺው። በግጭት ወይም በድርቅ የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ቀዬው ሲመለስ ከእህሉና ከውኃው ጋር የመዥገር ርጭትም በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቂ። ይህን የሚያነሣ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

4. ከንክሻው ይልቅ ደሙን ፍሪ። መዥገር ነክሶ ማስተላለፉ እውነት ነው። በእኛ ሙያ ላለ ሰው ግን ሰፊው በር ትኩስ ደም ነው። አንድ አራጅ ሲሠራ ቆመሽ እዪ። ቢላውን በጥርሱ ይዞ ቆዳውን በሁለት እጁ ይገፍፋል። ላቡን በክንዱ ይጠርጋል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ስለሆነ ጠብታው ዓይኑ ጥግ ላይ ይቀራል። ጣቱ ላይ የትናንት ቁስል አለ፤ በብጣሽ ጨርቅ አስሮታል፤ ጨርቁ ደሙን መጥጦ ጠቁሯል። ቫይረሱ ለመግባት ከዚህ የተሻለ መንገድ አያስፈልገውም፤ በተቀደደ ቆዳ፣ በዓይን፣ በአፍ ይገባል።

ደቡብ አፍሪካ ኦውትስሁርን በምትባል ከተማ በ1996 የሆነውን ለአራጆቹ ንገሪያቸው። በአንድ የሰጎን ቄራ ይሠሩ የነበሩ 17 ሰዎች ታመሙ። ሰጎኖቹ የሚያሳዩት ምልክት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ሰጎኖቹ ለእርድ ከመቅረባቸው በፊት የመዥገር መድኃኒት ተደርጎላቸው ለ14 ቀናት ከመዥገር ነጻ በሆነ ቦታ እንዲቆዩ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ቢኖር እንኳ ይጠፋል። ይህ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ርጭት፣ ንጹሕ በረትና ሁለት ሳምንት ብቻ። ወደ ቄራ ወይም ወደ ውጭ ገበያ የሚሄድ ከብት ሲሰበሰብ ይህን ሥርዓት ማስለመድ ከቻልሽ በቂ ሥራ ሠርተሻል።

ለአራጆቹ የምታዥው ዝርዝር አይብዛ። ጓንት፣ ረጅም የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ቦቲ ጫማ፣ ዓይን የሚከልል መነጽር። ቢላ ጥርስ ላይ አይያዝ። ቁስል ያለው ሰው ቁስሉ እስኪደርቅ ከእርዱ ወጥቶ ሌላ ሥራ ይሥራ፤ የቀን ገቢውም እንዳይቀርበት ከኃላፊው ጋር ተነጋገሪ፤ ካለዚያ ቁስሉን ይደብቃል። ደም የነካውን ወለል በበረኪና አጽዱ፤ ሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶ የሆነው በረኪና ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ ነው። ይህ ለወለልና ለዕቃ እንጂ ለቆዳ አይደለም፤ እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠባል።

አንቺም ራስሽን አትርሺ። ደም ስትቀጂ፣ ስታዋልጂ፣ ስትኮላሺ፣ የሞተ ከብት ከፍተሽ ስትመረምሪ ጓንት አድርጊ። ጓንት አልቋል ተብሎ የሚዘገይ ሥራ ይዘግይ።

ስለ ሥጋ ይጠይቁሻል። መልሱ ይህ ነው፤ እንስሳው ከታረደ በኋላ ሥጋው እየቆየ ሲሄድ በውስጡ የሚፈጠረው አሲድ ቫይረሱን ያጠፋዋል፤ በደንብ የበሰለ ሥጋም አያስተላልፍም። ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ጉበትና ኩላሊት እዚያው በጥሬው መቁረስ ግን የሚተው ልማድ ነው። የአገራችን ሰው ጥሬ ሥጋ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ይህን ስትናገሪ ሰዉን ሳታሳፍሪ፣ ባህሉንም ሳታንቋሽሺ ተናገሪ። ወተትም ይፈላ።

5. መዥገር መንቀልን አስተምሪ። በየቤቱ የሚሠራውን ታውቂዋለሽ። ልጆች ከላሚቱ ጡት ሥር በጣታቸው እየነቀሉ በጥፍር መካከል ያፈነዱታል ወይም በድንጋይ ይጨፈልቁታል። የሚፈሰው ደም የከብቱ ብቻ አይደለም፤ መዥገሩ በውስጡ የያዘው ሁሉ ነው። ለዚህ መፍትሔው በአርብቶ አደሩ ቤት አለ፤ የእሾህ ማውጫው ወረንጦ። በወረንጦው መዥገሩን ከቆዳው ጋር አስጠግቶ አፉ ላይ መያዝ፣ ሳይጠመዝዙ በዝግታ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። እሳት ማስነካት፣ ናፍጣ ወይም ቅቤ መቀባት አያስፈልግም፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ይተፋል። የተነቀለውን አልኮል ወይም በረኪና ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መጨመር፣ ቦታውንና እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ የተነቀለበትን ቀን መያዝ ነው። ከንክሻ በኋላ በሽታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ቢዘገይ እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ይነሣል። ደም ነክቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል፤ እስከ 13 ቀንም ሊሄድ ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራስን መከታተል የሚመከረው ለዚህ ነው።

መስክ ስትወጪ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ሱሪ ልበሺ፤ ጥቁር መዥገር ቶሎ ይታይበታል። የሱሪሽን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቺ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ብብትሽን፣ ብሽሽትሽን፣ የጉልበትሽን መታጠፊያና የፀጉርሽን ዳር ፈትሺ።

6. ርጭቱን በልክና በጊዜው አድርጊ። መድኃኒቱ ውድ ነውና ሰዉ በውኃ ያበዛዋል። የቀጠነ መድኃኒት ደካማውን መዥገር ገድሎ ብርቱውን ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዲያዚኖን የሚባለው የመዥገር መድኃኒትም ሌላውም አልሠራ ይላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ራስሽ አንብበሽ፣ ራስሽ ለክተሽ አሳዪያቸው። የሚረጨው ሰው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አይርጭ፤ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን። ጆሮ ውስጥ፣ ጅራት ሥርና ሰኮና መካከል ያልደረሰ ርጭት አልተረጨም። አዲስ የተገዛ ከብት ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ተረጭቶ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ሥራው ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ኢራቅ አሳይታለች። በኮቪድ ምክንያት በ2020 እና በ2021 የእንስሳት ርጭት ዘመቻው ሳይካሄድ ቀረ። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ 212 የተጠረጠሩና የተረጋገጡ ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ 27 ሰዎች ሞቱ። ግማሽ ያህሉ ከብት አርቢ በሚበዛባት ዚቃር በምትባል አንዲት ክፍለ ሀገር ነበሩ። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ርጭት እንዳይሆን በስብሰባ ላይ ይህን ቁጥር አንብቢላቸው።

7. በዓረፋ ሰሞን ተግተሽ ሥሪ። በፓኪስታን፣ በአፍጋኒስታንና በኢራን የጤና ሠራተኞች ይህን በዓል በሥጋት የሚጠብቁት ብዙ ሺህ ከብት ከገጠር ወደ ከተማ ስለሚገባና ዓመቱን ሙሉ ቢላ ነክቶ የማያውቅ ሰው በግቢው ስለሚያርድ ነው። የእስልምናው አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ መዥገር ከሚበዛበት ሞቃት ወራት ጋር ሲገጥም አደጋው ይጨምራል። የአካባቢሽን ሸኾችና ኢማሞች አስቀድመሽ አነጋግሪ። እነሱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚናገሩት ቃል ከአንቺ መቶ ፖስተር ይበልጣል። በፋሲካና በመስቀል ሰሞንም በየግቢው የሚታረደው እንዲሁ ነው፤ ለካህናቱም ንገሪ።

ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንንም አስቢ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግመልና በግ የሚጠብቀው፣ የበዓሉን ሥጋ ቆራርጦ የሚያጥበው ብዙ ጊዜ ከእኛ አገር የሄደ ልጅ ነው። በ1994 እና በ1995 በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በሽታው ሲነሣ ከታመሙት ብዙዎቹ ከእንስሳትና ከቄራ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከሶማሊያ በተጫኑ ከብቶች ላይም ቫይረሱን የያዘ ሃያሎማ ተገኝቷል። ከብቱም ሠራተኛውም ከአንድ አካባቢ ተነሥተው ባሕር ይሻገራሉ። ከወረዳሽ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ካገኘሽ «ጥሬውን ሥጋ በጓንት አጥቢ፤ ካተኮሰሽ በግ መታረዱን ለሐኪሙ ንገሪ» በያት። እዚያ ይህን የሚነግራት ላታገኝ ትችላለች።

8. የታመመ ሰው ፊት ስትቆሚ ሥራውን ጠይቂ። «እኔ የከብት ሐኪም ነኝ» ብለሽ ወደ ኋላ አትበዪ። ሰዉ ከጤና ጣቢያው በፊት አንቺን ነው የሚያገኘው፤ ላሙን ልታዪ ሄደሽ ባለቤቱን ተኝቶ ታገኚዋለሽ።

በሽታው ድንገት ነው የሚነሣው። ሰውዬው ጠዋት ሠርቶ ማታ ይወድቃል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባና የአንገት ሕመም፣ ዓይኑ ብርሃን ይፈራል። ማስታወክ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይከተላሉ። የስሜት መቀያየርና መደናገር ይታያል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ ይፈዛል፣ ይደበታል፤ በቀኝ በኩል ከጎድኑ ሥር ይታመማል፤ ጉበቱ አብጧል ማለት ነው። ከዚያ አፉ ውስጥና ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ደም፣ መርፌ በተወጋበት ቦታ ሰፊ ጥቁረት ይወጣል። የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል፤ የሚድነው ከ9ኛው ወይም ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ይሻለዋል። መጀመሪያው ከወባ፣ ከታይፎይድ፣ ከግርሻ ትኩሳት አይለይም። የሚለየው ጥያቄ ነው። ከብት አርደሃል? መዥገር ነክሶሃል? ነቅለሃል? የሞተ ወይም የተጨናገፈ ነገር በእጅህ ነክተሃል? ቤት ውስጥ ሌላ ያተኮሰው አለ?

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚሞተው በሽተኛው ብቻ አይደለም። በ1976 ራዋልፒንዲ ፓኪስታን ውስጥ አንድ እረኛ በሆድ ሕመምና ደም በማስታወክ ሆስፒታል ገባ። የሆድ ውስጥ አደጋ መስሏቸው ቀዶ ጥገና አደረጉለት። በሽታው ወደ ሕክምና ሠራተኞቹ ተሻገረ፤ ሆዱን ከከፈቱት መካከል ሞት ደረሰ። በ1984 ኬፕ ታውን አጠገብ በታይገርበርግ ሆስፒታል በተመሳሳይ መንገድ ሠራተኞች ተያዙ። በ2016 ደግሞ በስፔን ሜዳ ላይ ሲዘዋወር መዥገር የነከሰው ሰው ማድሪድ ውስጥ ሞተ፤ ያስታመመችው ነርስ ታማ ዳነች። ሦስቱም ከተማ ያፈራቸው ጥሩ ሐኪሞች ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ መጠርጠሩ ዘገየ እንጂ። «ይህ ሰው እረኛ ነው» የሚለውን ቃል ከመርፌውና ከቢላው በፊት ለሐኪሙ ማድረስ የአንቺ ድርሻ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ቤተሰቡንም አትተዪ። ትውከቱንና ደሙን በባዶ እጅ የሚጠርጉት እናትና ሚስት ናቸው፤ ቢሞት የሚያጥቡት ዘመዶች ናቸው። ሬሳ መንካት ሲከለከል ለቅሶው ይመርራል፤ ሆኖም የጤና ባለሙያዎች በጥንቃቄ አዘጋጅተው፣ ካህኑ ወይም ሸኹ በቦታው ቆሞ ጸሎቱ ሳይጎድል እንዲቀበር ማድረግ ይቻላል። ይህን ለማስማማት ጊዜ ስጪ። የከበረ ቀብር ያላገኘ ቤተሰብ የሚቀጥለውን በሽተኛ ይደብቃል።

9. ስለ መድኃኒቱ ውሸት አትናገሪ። በሰፊው የጸደቀ ክትባት የለም፤ ቡልጋሪያ ከ1974 ጀምሮ የምትጠቀምበት አንድ ክትባት አላት፤ ወደ ሌላው ዓለም አልተሰራጨም። ሪባቪሪን የሚባለውን መድኃኒት ሐኪሞች ይሰጣሉ፤ ምን ያህል እንደሚረዳ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙ ሰው የሚያድነው ፈሳሽ መስጠት፣ ደምና ፕላትሌት መተካት፣ ቀን ከሌት መከታተል ነው። ስለዚህ ቶሎ ማድረስ ራሱ ሕክምና ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና የዲክሎፌናክ መርፌ ግን አይሰጠው፤ መድማቱን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ይህን ለቀበሌው የመድኃኒት ሻጭ ንገሪው፤ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ደጅ ነው።

10. የሚመስሉትንም በሽታዎች በስም እወቂ፤ አንዱን ከሌላው እንዳትቀላቅዪ። ሕንድ ውስጥ በ1957 የታወቀው የኪያሳኑር ደን በሽታ ጦጣዎች ሲሞቱ ነው የሚያስጠነቅቀው። ሳይቤሪያ የኦምስክ ትኩሳት አላት። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1995 ጅዳ ላይ ከአንድ ሥጋ ሻጭ ደም የተለየ አልኩርማ የሚባል ቫይረስ አላት፤ ግመልና በግ ባለበት ስለሚገኝ እሱም ከእኛ ሠራተኞች የራቀ አይደለም። በ2025 ጂንካ ላይ የተረጋገጠው ማርበርግ ግን የመዥገር አይደለም፤ መነሻው የሌሊት ወፍ ነው። ሕዝቡ «ደም የሚያስፈስሰው በሽታ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራዋል። ለታማሚው የሚደረገው ጥንቃቄ በብዙው ይመሳሰላል፤ የመነሻው መከላከያ ግን የተለያየ ነውና አንዱን ለመከላከል ከሌላው ጋር አትታገዪ።

11. አርብቶ አደሩን ጥፋተኛ አታድርጊው። በሽታ ሲነሣ «እነሱ ናቸው ያመጡት» የሚል ወሬ ገበያውን ይዘጋል፤ ከብቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ሰዉም የታመመበትን አይናገርም። የመዥገርን ወራት፣ የትኛው ሸለቆ መዥገር እንደሚበዛበት፣ በየትኛው ዓመት ጥንቸል እንደረባ ከማንኛችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ተቀምጠሽ ጠይቂው፣ የሚልሽንም ጻፊ። በዝናቡ ማግሥት መዥገሩ ከወትሮው ከበዛ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የምታገኚው ከሪፖርት ሳይሆን ከእሱ አፍ ነው።

12. የመጨረሻው ልመናዬ ነው። ሥራ በጀመርሽ በመጀመሪያው ሳምንት የወረዳውን የጤና መኮንን ፈልገሽ ተዋወቂው። እሱ የሰው፣ አንቺ የከብት ናችሁ፤ ቢሮአችሁ አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ዓመት ሙሉ ሳትነጋገሩ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ስልኩን ያዢ፤ የአንቺንም ስጪው። የመዥገር መብዛት ስታዪ ደውዪለት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና መድማት ሲያይ ይደውልልሽ። የሰው ናሙና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የከብት ናሙናና መዥገር ደግሞ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በምን መኪና፣ በማን እጅ፣ በየትኛው በረዶ ሣጥን እንደሚላክ ሰው ሳይታመም ተስማሙ። ጥርጣሬ ሲገባሽ 8335 ደውዪ፤ ጥሪው ነጻ ነው። «ተሳስቼ ይሆናል» ብለሽ አትዘግዪ፤ ስልኩ የተዘረጋው ለጥርጣሬ ነው።

እንደደረስሽ ጻፊልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ከጤና መኮንኑ ጋር መገናኘትሽን ንገሪኝ።

አጎትሽ